ከእግሯ ሥር ያለችው ፊደል

ኩፓ ወንዝ ሲጎድል፣ በነሐሴ ማብቂያ፣
ጭቃው ይገለጣል እስከ ድልድዩ መቆሚያ።
ጡረታ የወጣ ሰው ምን ጉዳይ አለው?
ቦቲውን አጥልቆ ጭቃ መጫር ነው።
እዚህ ሲሳክ ሁሉም ያውቃል፤ ይህ ወንዝ ገንዘብ ይተፋል፤
ለአንዱ ቆርኪ፣ ለአንዱ ምስማር፣ ለዕድለኛው ንጉሥ ይተርፋል።

እኔ ያገኘኋት
ከጥፍሬ አትበልጥም፤ አረንጓዴ ዝገት።
አንድ ሳምንት ሙሉ ወይራ ዘይት ውስጥ ባሰነብታት፣
በጽጌረዳ እሾኽ ጠርዟን ብቆረቁራት፣
ቀስ በቀስ ወጣ ሰው፣ ከነአፍንጫው ከነጺሙ፣
ዘውዱ የፀሐይ እሾኽ፣ በዙሪያው የተጻፈ ስሙ።

ጎረቤቴ ቬንዴሊን አንገቱን በአጥሩ አሻግሮ
«ማነው ንጉሡ?» አለኝ፣ ቢራውን አንቆርቁሮ።
እኔ ምኑን አውቄ! በዚያ ዘመን ንጉሥ
እንደ ሸሚዝ ነበር ሲወልቅ ሲለበስ፤
አንዱን ወታደሩ በጋሻ ሲያነግሥ፣
የሌላው ደም ደግሞ በድንኳኑ ሲፈስ።
እኛም አይተናል መሰል፤ በፋብሪካው ቢሮ
አንዱ ሥዕል ሲወርድ፣ ሌላው ሲሰቀል ተወጥሮ፤
ምስማሩ ግን ያው ምስማር፣
ማን እንደተሰቀለበት ቆጥሮ የማያማርር።

የቀራጩን ስም ማን ጻፈ? እኔ ሴኩንዲን ብዬዋለሁ፤
እዚሁ ወንዝ ዳር ተጎንብሶ ብረት ሲፍቅ አየዋለሁ።
ንጉሡን አላየውም፤ ሥዕል ነው የመጣለት በፈረስ፤
«ጺም ጨምርለት» ይላል ትእዛዙ፤ ጺሙን ቀርጾ ሳይጨርስ
ሌላ ንጉሥ፣ ሌላ ፈረስ።
ፊደሉን ከቀኝ ወደ ግራ ይቀርጻል፣ ገልብጦ፣
ሲመታ ቀንቶ እንዲነበብ በልቡ አስልቶ አስቀምጦ።
መዶሻ መቺው ግን ዝሎ ነበር፤ ምቱ ወደ ጎን አጋድሏል፣
የንጉሡ ስም እኩሌታ ከጠርዙ ውጭ አየር ላይ ቀርቷል።

ዘውድ ወይስ ጎፈር? ገለበጥኳት።
ከኋላዋ ሴት ቆማለች፣ ቀሚሷ እስከ መሬት፤
በግራዋ የፍሬ ቀንድ፣ በቀኟ ሚዛን ሰጥተዋት።
ሚዛኗ ውልፍት አይልም፣ ላፍታ አያጭበረብር፤
ሳንቲሟ ራሷ ግን ውሸት፤ ውስጧ መዳብ፣ ላይዋ ብር፤
ብሩም የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዳቦ ሻጭ ጣት ሲነካው የሚገፈፍ፣
በእርግማን ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ።
ሳቅሁ ብቻዬን። ያኔ፣ ዜሮው በየወረቀቱ ሲበዛ፣
በደሞዛችን ፖስታ ውስጥ ይህቺው ሴት ነበረች፣ ዳቦ የማትገዛ።

ከእግሯ ሥር፣ ከመስመሩ በታች፣ አጉሊ መነጽር ስደቅን፣
አንዲት ፊደል አየሁ፣ ክንዷን የዘረጋች ክሬን።
የሙዚየሟ ልጅ ዳኒትሳ «ይህማ» አለችኝ በስልክ፣
«የሦስተኛው ክፍል ምልክት ነው፤ ብሩ ቢጎድል ከልክ
ማን እንደመታው እንዲታወቅ።» ዝም አልኩ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እኔም ቁጥር ሰባት ነበርኩ።
በቧንቧ ጫፍ ላይ፣ ብረቱ ሳይበርድ፣ በመዶሻ አንዴ ቀጭ፤
ስንጥቅ ቢወጣ ወቀሳው ለእኔ፣ ባይወጣ ስሜ ከመዝገብ ውጭ።
ያ ቧንቧ ዛሬ የት ይሆን? በየትኛው በረሃ ሥር
የማንን ውሃ፣ የማንን ጋዝ ሲያሻግር፣
ያቺ የእኔ ሰባት ቁጥር
ጨለማ ለብሳ፣ ማንም ሳያነባት ስትኖር?
ፋብሪካው ተዘግቷል፤ ጭስ ማውጫው ላይ ሽመላ ጎጆ ሠራ፣
ቱታዬም ምድር ቤት ተሰቅሎ ከአይጥ ጋር ሲያወራ።

ሳንቲሟን ማክሰኞ ወሰድኳት፤ ሕጉ ነው፣ ወንዙ የመንግሥት።
ዳኒትሳ ሰማያዊ ጨርቅ አንጥፋ መስታወት ሣጥን ውስጥ ስታስተኛት
ንጉሡ ወደ ላይ ሆነ፣ ከነጺሙ ከነግርማው፤
ካርድ ላይ ስሙ ተጻፈ፤ እንደገና ወጣ ዕጣው።
ኮፍያዬን አወለቅሁ፤ ለእሱ ግን አልነበረም።
«ልጄ፣ ሕግ ካልከለከለ፣» አልኳት፣ «ካልሆነብሽም ድካም፣
ገልብጪው።»
ቀና ብላ አየችኝ፤ «ሴትየዋ እንድትታይ?»

«አይደለም፤ ከሷም ዝቅ በይ።»